ቆጣሪዎቹ በቀብር ቀን መጡ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሬዲዮ ዘጋቢነት ስዞር የያዝኩት አንድ ልማድ አለ፤ አስተዳደር ቢሮ ከመግባቴ በፊት የኳስ ሜዳውን አያለሁ። ቢሮ ውስጥ የሚነገረኝ ወደፊት የሚሆነውን ነው፤ ሜዳው የሚያሳየኝ ደግሞ ዛሬን ነው። ካቺሲ በገበያ ማግስት የደረሰ ሰው ሜዳው ላይ ከተጫዋች ይልቅ በሬ ሊያገኝ ይችላል፤ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ በሬዎቹ ቀና ብለው ያዩትና ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ። ባኮ ሙቀቱ ስለሚበረታ ጨዋታ የሚጀመረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ በቆሎ የጫኑ መኪኖች መንገድ ዳር ይቆሙና ሾፌሮቹ ጭነቱ ላይ ወጥተው ያያሉ። ወደ ወንጪ በሚያወጣው መንገድ ያየሁት ሜዳ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ የማዕዘን ባንዲራ ስለሌለው በአራቱም ማዕዘን ፈረስ ታስሮ ነበር።

ከተሞቹን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ግን መሳቢያ ውስጥ የተጠቀለለ የስታዲየም ሥዕል ነው። ብዙ አይቻለሁ። ሥዕሉ ላይ ሣሩ በበጋም አረንጓዴ ነው። ዙሪያውን ባለመስታወት ሱቆች ይከቡታል፤ ሰዎቹ ረጃጅምና የማይቸኩሉ ናቸው፤ ጭቃ፣ ባጃጅና ጋሪ የሉም። ሥዕሉን የሚያሳየኝ ኃላፊ ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ጣቱን ያሳርፍና «እዚህ ጋ ካፌ ይሆናል» ይለኛል። ካፌ የሌለበት ስታዲየም ያቀደ ከተማ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ ከመሳቢያ ወጣ። ከተማዋ እኔ ከምኖርበት ከአምቦ በሚኒባስ ሩቅ አይደለችም። ስሟን አልጽፍም፤ እዚያ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያውቃል፣ እኔም አሁንም በዚያ አልፋለሁ።

ሥራው የታሰበው እንዲህ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው ሜዳው ዙሪያ ባለ አንድ ፎቅ ሱቆች ይሠራሉ፤ ኪራዩም ለብዙ ዓመታት የእነሱ ይሆናል። በምላሹ ለሜዳው ጥላ ፎቅ ያቆማሉ። መሬቱን ማጽዳት፣ የውኃ መውረጃ ቦዩ፣ ወደ ሱቆቹ የሚያስገባው የድንጋይ ንጣፍ መንገድና ሜዳው ቁልቁል እንዳይንሸራተት የሚይዘው ረጅም የድጋፍ ግንብ ግን በአስተዳደሩ በጀት ይሠራሉ። በጀቱ ካልበቃ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነዋሪው ከኪሱ ያዋጣል። ስምምነቱን ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት «ደብዳቤው ከማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ከአስተዳደሩ» ስላቸው «አይዞሽ» አሉኝ።

የፕሮጀክቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጨዋና ፈጣን ሰው ነበሩ። ወንበር ጎትተው አስቀመጡኝና ሥዕሉን ዘረጉልኝ።

«የድጋፍ ግንቡን የሚሠራው ማን ነው?» አልኳቸው።

«አስተዳደሩ።»

«ግንቡ ላይ የሚያርፉት ሱቆችስ የማን ናቸው?»

«የማኅበሩ።»

«ታዲያ ግንቡን ማኅበሩ ለምን አይሠራውም?»

ትንሽ አሰቡ። «እትዬ፣ ግንቡ የሚደግፈው መሬቱን ነው» አሉኝ። «ሱቁ መሬቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ ግንቡ ለሱቅ ተብሎ አልተሠራም።»

ቃል በቃል ጻፍኩት። በእንዲህ ያለ መልስ ላይ ዘጋቢ ምንም አይጨምርም፤ እንዳለ ያስተላልፈዋል።

«እዚህ ጋ ደግሞ ካፌ ይሆናል» አሉና ጣታቸውን ጥግ ላይ አሳረፉ።

በሜዳው አሮጌ አጥር ሥር ሰባት የቆርቆሮ ሱቆች ነበሩ። ሦስተኛው የአንድ ልብስ ሰፊ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጠው የቡድኖችን መለያ ቁጥር ሲሰፉ ኖረዋል፤ ተጫዋቾቹ «ኦቦ ማሊያ» ይሏቸዋል። ከካቺሲም ከባኮም ማሊያ በአውቶቡስ ረዳት ተጠቅልሎ ይላክላቸዋል፤ በሳምንቱ ቁጥር ተለጥፎበት ይመለሳል። ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው «ስድስት ሲያልቅብኝ ዘጠኝን ገልብጬ እሰፋለሁ» ብለውኝ ነበር። «ልዩነቱ የሚታወቀው ተጫዋቹ ሲወድቅ ብቻ ነው።»

ግንቡ የሚያልፈው በእነዚያ ሱቆች ላይ ነበር። ክረምት ሳይገባ ይፈርሳሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከመፍረሳቸው በፊት ሱቆቹ በሚቆጠሩበት ቀን «አገልግሎት የሚሰጥ» ተብሎ የተመዘገበ ሱቅ ባለቤቱ ከአዲሶቹ ሱቆች አንድ ክፍል በቅድሚያ ይከራያል፤ «አገልግሎት የማይሰጥ» የተባለው ምንም አያገኝም። የቆጠራው ዝርዝር በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሰሞን ለግንቡ ዘገባ ድምፅ ልቀርጽ ሄጄ በሦስተኛው ሱቅ በር አለፍኩ። ኦቦ ማሊያ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ተቀምጠዋል። እሳቸው ያለ ሥራ ተቀምጠው አይቼ አላውቅም።

«አካም ቡልቴ፣ አንቺ ሬዲዮ?» አሉኝ።

«ነጋ፣ ጋሼ። ምነው መኪናው ዝም አለ?»

«አገልግሎት አልሰጥማ! በመንግሥት ተረጋግጧል።»

ወረቀቱን ሰጡኝ። ተራ ቁጥር ሦስት፣ የልብስ ስፌት፣ ዝግ፣ አገልግሎት የማይሰጥ። ከሰባቱ አምስቱ እንዲሁ ነበሩ።

«እውነት ዝግ ነበር?»

«ዱጋ ነው፣ ዘግቼ ነበር። ቀብር ነበርኩ።»

ነገሩ ይህ ነው። ቆጠራው በተያዘለት ቀን ንጋት ላይ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ያረፉት የሰፈሩ ትልቅ እናት ናቸው፤ ግማሹን ሰፈር አዋልደዋል ይባላል። የእድሩ አባል የሆነ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ግማሹ ድንኳን ለመትከል፣ ግማሹ አስከሬን ለማጀብ ሄደ። ቆጣሪዎቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ወጣት ባለሙያዎች ነበሩ። ቀኑን ሲመርጡ ተጠንቅቀዋል፤ የገበያ ቀን አይደለም፣ በዓል አይደለም፣ ረፋዱ ላይ ነው። የእድር ጡሩንባ ሰውን ወዴት እንደሚጠራ ግን አያውቁም። መጡ፣ አምስት የተቆለፈ በር አዩ፣ «ዝግ» ብለው ጻፉ። ክፍት ያገኙት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ገና የመጣ ስልክ ጠጋኝ፣ ሌላው ከእድሩ ጋር ተጣልቶ የወጣ ሰው። በእኛ አገር አንድ ሱቅ በሥራ ቀን መዘጋቱ ባለቤቱ እዚያው ሰፈር ሥር የሰደደ ሰው ለመሆኑ ዋናው ማስረጃ ነው። በቅጹ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም።

ኦቦ ማሊያ አቤቱታ አስገብተው ነበር። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ በዕለቱ በቦታው ተገኝተው ሱቁ ዝግ መሆኑን በዓይናቸው ስላረጋገጡ ቅሬታው ተቀባይነት የለውም። ፊርማና ማኅተም አለበት።

«ቀብር ለመሆንዎ ማስረጃ አለዎት?»

«ሟቿ አሉ። ሄደሽ ጠይቂያቸው።»

ደብተሬን አወጣሁ።

«ሰውየው እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ፈራሚው፣ መቃብሩ ላይ አብሮኝ አፈር ሲመልስ ነበር። አካፋውን የተቀበለኝ እሱ ነው።»

ይህንንም ጻፍኩት፤ ግን አልተደሰትኩም። የአንድ ሰው ቃል ዜና አይሆንም፣ በተለይ ጉዳዩ የራሱ ሲሆን። ዝርዝሩ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለበላይ አካል ይላካል፤ አንዴ ከጸደቀ የሚነካው የለም። ልብስ ሰፊው ሌላ ቦታ ሄደው እንዳይከራዩ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ኪራይ የሚቀመስ አይደለም፤ ከሜዳው ርቀው ደግሞ ማሊያ ማን ያመጣላቸዋል?

የእድሩን ዳኛ ፍለጋ ሄድኩ። በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው፤ የሚናገሩት ሁሉ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ይመስላል። እድራቸው ቀብር ላይ ስም ይጠራል። መቃብሩ እንደተዘጋ ጸሐፊው መዝገቡን ይዘው ይቆማሉ፣ አባላቱ በየስማቸው «አለሁ» ይላሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ማን የት እንደነበር የሚያውቅ አንድ ወረቀት በከተማዋ ውስጥ አለ ማለት ነው።

«መዝገቡን ለማየት ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«አባል ነሽ?»

«አይደለሁም። ስንት ወር ብቆይ አባል እሆናለሁ?»

«አምቦ እየኖርሽ እዚህ ልትቀበሪ ነው?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ መዝገቡ የእድርተኛ ነው። ለሬዲዮ ካሳየሁ ነገ ለፖሊስ፣ ከነገ ወዲያ ባሏ የት እንደዋለ ለምትፈልግ ሚስት ላሳይ ነው። አይሆንም።»

አልተከራከርኳቸውም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላሳይም ነበር። ቦርሳዬን አንሥቼ ስወጣ ጠሩኝ።

«እሑድ ወርኃዊ ስብሰባ አለን። ማንኛውም አባል የአንድን ቀብር ስም ዝርዝር ጮክ ብሎ ይነበብልኝ ማለት ይችላል። ደንቡ ላይ አለ፣ ማንም ጠይቆ ግን አያውቅም። አንቺ በር ላይ ብትቀመጪ አላይሽም። መቅረጫ ግን አይከፈትም።»

እሑድ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። አዳራሹ የድንኳን እንጨትና ድስት የሚቀመጥበት ረጅም የጭቃ ቤት ነው። መቅረጫዬን ቦርሳዬ ውስጥ ዘግቼ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። የፕሮጀክቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም መጥተዋል፤ እሳቸውም እድርተኛ ናቸው፣ ከወርኃዊ ስብሰባ መቅረትም ያስቀጣልና። ሲያዩኝ በጨዋነት እጅ ነሡኝ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም «እርስዎ» የሚላቸው ሰው እዚህ ገብተው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ትንሽ ጠጋ በል እንጂ፣ አንተ!» አሏቸው። ጠጋ አሉ።

ኦቦ ማሊያ ተነሡ። የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። የትልቋ እናት ቀብር ስም ዝርዝር እንዲነበብላቸው ጠየቁ።

«ለምን?» አለ አንዱ ከኋላ። «ሟቿ ተነሥተው ጠፉ እንዴ?»

ቤቱ ሳቀ። ዳኛው እጃቸውን አነሡና ጸሐፊው ማንበብ ጀመሩ፤ ስም፣ ከዚያ «አለ»፣ ስም፣ «አለች»። ልብስ ሰፊው፣ አለ። ሌሎቹ አራት ባለሱቆች፣ አሉ። ጥቂት ቆይቶ የሰብሳቢው ስም ተጠራ። «አለ» አሉ ጸሐፊው፣ ሳይቆሙም ቀጠሉ።

ንባቡ ሲያልቅ ኦቦ ማሊያ የአቤቱታውን መልስ ለዳኛው ሰጡ። ዳኛው መነጽራቸውን አጥልቀው እንደ ፈተና ወረቀት ቀስ ብለው አነበቡት። «በዕለቱ በቦታው ተገኝተው በዓይናቸው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ቀኑ አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። እኛ ጋ አለሁ ብለሃል፤ እዚያም ነበርኩ ብለህ ፈርመሃል። የትኛው ነው?»

«ጋሼ፣ ያኛው የቢሮ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚነሣ አይደለም።»

«የቢሮውን አልጠየቅኩህም። እኔ የምጠይቅህ የቀብሩን ነው።»

«መልአክ ነው፣ በሁለት ቦታ ይገኛል!» አለ ያው ከኋላ ያለው ሰው።

አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «ቆይ» አሉ፤ «እሱ ሜዳው ጋ ከነበረ፣ በእሱ ስም አለሁ ያለው ማነው?»

ሳቁ ቆመ። የጥያቄውን ክብደት ለማያውቅ ላስረዳ። እድር መቅረትን ይቀጣል፤ ያ ቀላል ነው። በሌላ ሰው ስም «አለሁ» ማለት ግን ያስባለውንም ያለለትንም ከእድሩ ያስወጣል። ከእድር የወጣ ሰው እናቱ ብትሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸከምለት የለም። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ሰብሳቢው አጠገብ የተቀመጠ ባለ ወፍጮ ቤት፣ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አይደለሁም!» ብሎ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ፣ ማንም አላለህም» አሉት ዳኛው። ዓይናቸው ግን ከሰብሳቢው ላይ አልተነሣም።

ሰብሳቢው ኮሌታቸውን አስተካከሉ። ያሰቡትን አላውቅም፤ እኔ የማየው ጀርባቸውን ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ተነሡ።

«ቀብር ነበርኩ» አሉ። «ማንም አልመለሰልኝም። ራሴ ነኝ አለሁ ያልኩት። አፈርም መልሻለሁ።»

«ከማን ጋር?» አሉ ኦቦ ማሊያ ቁጭ እንዳሉ።

«ከአንተ ጋር።»

«ገለቶሚ» ሲሉ አመሰገኗቸው ልብስ ሰፊው።

ዳኛው ጸሐፊውን ቃሉን በቃለ ጉባኤ እንዲይዙ አዘዟቸውና ወደ ድስት ግዢ ተሻገሩ። ነገሩ ለእነሱ አልቋል፤ አባሉ ቀብር መገኘቱ ተረጋግጧል፣ ቅጣት የለም። በድስቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ።

ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ጋ ደወልኩ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ስሜን፣ የምሠራበትን ሬዲዮ፣ የምጠይቀውን ነገር በቅደም ተከተል ተናገርኩ።

«ምነው እትዬ፣ እሑድ ነበርሽ አይደል እንዴ?»

«ነበርኩ። አሁን ግን በይፋ እየጠየቅኩዎት ነው። በቆጠራው ዕለት በቦታው ነበሩ?»

ያልጠበቅኩትን ያህል ቀጥተኛ መልስ ሰጡኝ። አልነበሩም። ሠንጠረዡን ማታ ላይ ባለሙያዎቹ አመጡላቸው፣ ቢሮው እንደሚያደርገው ግርጌውን ፈረሙ። አምስቱ ሱቆች ለምን እንደተዘጉ ለማሰብ ወረቀቱን ማንበብ ነበረባቸው፣ አላነበቡትም። አቤቱታው ሲመጣ ደግሞ ፊርማቸውን ከማጠፍ ይልቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ሌላ ፈረሙ።

«ሳይተላለፍ ላስተካክለው» አሉኝ።

«ዜናው ረቡዕ ይተላለፋል። ካስተካከሉት መስተካከሉን ጨምሬ እዘግባለሁ፤ ካላስተካከሉትም አለመስተካከሉን።»

«አንቺ ሴትዮ አትደነግጪም?»

«እኔ ምን ያስደነግጠኛል? የፈረምኩት የለ።»

ማክሰኞ ከሰዓት አምስቱን ሱቆች «አገልግሎት የሚሰጥ» የሚለው ማስተካከያ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ለሁለት ሰው ደውዬ እንዲያነቡልኝ አደረግኩ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አነበቡ። ረቡዕ ዜናው ተላለፈ። ግማሹ ስለ ቆጠራው፣ ግማሹ ስለ ግንቡ ነበር፤ ስለ መሬቱና ስለ ሱቁ የተሰጠኝንም መልስ ቃል በቃል አካተትኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ስለ ቀብሩ እየሳቀ ደወለልኝ። ስለ ግንቡ የደወለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከደመወዙ የተቆረጠበት አስተማሪ። «እኔ ያዋጣሁት ለኳስ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ስምምነቱን አነበብኩለት። አመሰገነኝና ስልኩን ዘጋ።

ግንቡም ሱቆቹም ተሠሩ። ጥላ ፎቁ እስከ ግማሽ ደርሷል፤ የቀረው በሚቀጥለው ምዕራፍ ይሠራል ተብሏል፤ ምዕራፉ መቼ እንደሆነ ደግሞ በየጊዜው እጠይቃለሁ። ለኦቦ ማሊያ በዕጣ የደረሳቸው ክፍል ፎቁ ላይ ነው። መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው፤ በጨዋታ ቀን ማሊያ ልናስለካ ነው እያሉ የሚመጡ ጎልማሶች ክፍሉን ይሞሉታል፤ አንዳቸውም አይለኩም።

ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ደረጃውን ወጥቼ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ ወረቀት አቀበሉኝ። ማኅበሩ ኪራይ ለመጨመር ያሰበበት ማስታወቂያ ነው።

«ይህን የሚወስነው ማነው?»

«በስምምነቱ መሠረት ማኅበሩ ብቻውን ነው» አልኳቸው። «አስተዳደሩ አያገባውም።»

«ግንቡን አስተዳደሩ ሠርቶ?»

«ግንቡን አስተዳደሩ ሠርቶ።»

መርፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው ትንሽ አሰቡ። «ከማኅበሩ ሰዎች ውስጥ የእኛ እድር አባላት ስንት ናቸው?»

የማኅበሩ የመሥራቾች ዝርዝር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፣ እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ አዳመጡኝ። አራት ሆኑ።

«እሑድ የእድር ስብሰባ አለ፤ እዚያ እጠይቃቸዋለሁ» አሉና መርፌውን ከኮታቸው ነቅለው አዲስ ክር ያስገቡበት ጀመር። «ነጋዴ መቼም ከቀብር አይቀርም።»